ካርታው ላይ እርሻ፣ ስልኬ ላይ ሐይቅ

የቀያሹ ጥግ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ይሠራል። ቸሮኪ ካውንቲ የሚባል ገጠር ነው፤ ሴዳር ብላፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። ለፋሲካ በመጣ ሰው አንድ የድሮ ካርታ ላከልኝ። አንድ ሽማግሌ ሞተው ዕቃቸው ሲሸጥ በርካሽ ያገኘው ነው። በመስተዋት ፍሬም ውስጥ ገብቷል። ፍሬሙ እንዲበቃው ብለው ዙሪያውን ጠርዙን ቆርጠውታል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ 1950 ተብሎ ተጽፏል።

ካርታው በቡናማ መስመር የተሞላ ነው። ጥቃቅን ጥቁር ሳጥኖች አሉበት፤ አንዳንዱ ላይ ባንዲራ፣ አንዳንዱ ላይ መስቀል አለ። ቀይ መስመር ደግሞ ሁሉንም በካሬ በካሬ ይቆራርጠዋል። ከሁሉም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ካርታው ላይ ወንዝና እርሻ የሆነው ቦታ ስልኬ ላይ ስከፍተው ትልቅ ሐይቅ ነው። ወንድሜም እዚያ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ካርታው ተሳስቶ ነው? ስኬሉስ ስንት ነው? ለእኛ አካባቢስ እንዲህ ያለ ካርታ ይገኛል?

እህቱ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህት ዓለም። ካርታሽ አልተሳሳተም። ሐይቁ ነው ኋላ የመጣው።

ወንዙ ኩሳ ይባላል። ጆርጂያ ውስጥ ሮም በምትባል ከተማ (አዎ፣ ሮም) ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ይወልዱትና ወደ አላባማ ይወርዳል። አላባማ ፓወር የሚባለው የመብራት ኩባንያ ቸሮኪ ካውንቲ ውስጥ ዋይስ የተባለ ግድብ ሠራበት። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1961 አለቀ። ውሃው ወደ ሜዳው ተኛ፤ ሐይቁ ዛሬ ከ12,000 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ካርታሽ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ወንድምሽ መንጠቆ የሚጥልበት ቦታ ያኔ የሰው ማሳ ነበር።

እኛም ጋ ያው ነው። ከቆቃ ግድብ በፊት የተሠራ የአዋሽ ካርታ እጅሽ ቢገባ ቆቃ ሐይቅን አታገኚበትም። ቆቃ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በነገራችን ላይ ጀርባው ላይ ያለውን 1950 ብዙ አትመኚው። ሽማግሌው የገዙበት ዓመት ሊሆን ይችላል። ሐይቁ ስለሌለበት ግን የመሬቱ ልኬት ከ1961 በፊት መሆኑ አያጠራጥርም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። ይሄን ከሠራሽ ከእኔ ወሬ ሁሉ የበለጠ ይገባሻል።

ቡናማዎቹ መስመሮች ኮንቱር ይባላሉ። አንድ መስመር ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ከፍታው እኩል ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ሸምድደሽዋል። እኔ ግን ተማሪ ሲመጣብኝ እንዲህ እላለሁ፦ ውሃ እዚያ ድረስ ቢሞላ ዳርቻው የሚያርፈው እዚህ መስመር ላይ ነው። በቃ። ለሌላው ተማሪ ይሄ "ቢሞላ" ብቻ ነው። ያንቺ ካርታ ላይ ግን የእውነት ሞልቷል።

ዋይስ ሐይቅ ሲሞላ ውሃው የሚቆመው ከባሕር ወለል በላይ 564 ፉት ላይ ነው። 172 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አሜሪካኖቹ በፉት ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ካርታሽ ላይ ለሱ የሚቀርበውን የ560ን መስመር ፈልጊ። በየአምስተኛው መስመር አንዱ ወፈር ይላል፤ ቁጥርም ተጽፎበታል። ወፍራሞቹ 500፣ 600 እያሉ ከሄዱ ከመስመር መስመር ያለው ልዩነት 20 ፉት ነው። ያን ጊዜ ከ600 ወደ ወንዙ ስትወርጂ ሁለተኛው ቀጭን መስመር 560 ይሆናል። ወፍራሞቹ 500፣ 550 ካሉ ደግሞ ልዩነቱ 10 ፉት ነው። ከ550 በላይ ያለው የመጀመሪያው ቀጭን መስመር 560 ነው።

ካርታውን ከፍሬሙ አታውጪው፣ ይቀደዳል። መስተዋቱ ላይ ትሬሲንግ ፔፐር በፕላስተር ለጥፊ። ሰማያዊ እርሳስ ያዢ። መስመሩን ይዘሽ ተከተዪ፣ አትቸኩዪ። ከወንዙ ጎን ጎን ይሄዳል። ገባር ወንዝ ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይገባና ጫፉ ሾሎ ይመለሳል። የሹሉ አፍንጫ ሁልጊዜ ወደ ውሃው መነሻ ነው የሚያመለክተው። ጫፉ ሾሎ ወደ ቁልቁለቱ ካየ ግን ውሃ አይደለም፣ የኮረብታ ጀርባ ነው። ቻቱጋ የሚባለው ወንዝ በሚገባበት በኩል መስመርሽ ረጅም መንገድ ወደ ውስጥ ይወስድሻል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሰለችና በአቋራጭ ያገናኘዋል። አንቺ እንዳታደርጊው። ስትጨርሺ ስልክሽን ከጎኑ አድርገሽ አስተያዪ።

አንድ ነገር ልብ በይ። እውነተኛው ዳርቻ ከሣልሽው መስመር በ4 ፉት፣ ማለትም ከ1 ሜትር ትንሽ በላይ ከፍ ይላል። ገደላማ ቦታ ላይ ይሄ ልዩነት አይታይም። ረባዳ ሜዳ ላይ ግን 1 ሜትር ውሃ ብዙ መሬት ይውጣል። እዚያ ላይ ሐይቁ ከሣልሽው ሰፍቶ ብታዪ እርሳስሽን አትውቀሺ።

ከዚያ ሰማያዊው ውስጥ የገቡትን ጥቁር ሳጥኖች ቁጠሪ። የተሞላው ጥቁር ሳጥን ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው ጎተራ ወይም መጋዘን ነው። ድርብ የተቆራረጠ መስመር ደግሞ ደህና ያልተሠራ የአፈር መንገድ ነው። ሰማያዊው ውስጥ ገብቶ የሚቀር መንገድ ካገኘሽ ለወንድምሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ዛሬ ዳርቻው ላይ ቆሞ ሲያየው ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ የሚገባ አሮጌ መንገድ ሊያገኝ ይችላል።

ባንዲራ ያለው ሳጥን ትምህርት ቤት ነው፣ መስቀል ያለው ቤተ ክርስቲያን። ሁለት ባንዲራ ተቀራርበው ብታዪ አይግረምሽ። በዚያ ዘመን አላባማ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ልጅ በሕግ ተለይቶ ነበር የሚማረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄን ሕገ ወጥ ነው ያለው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። አላባማ ግን እሺ እስክትል ዓመታት ፈጅቷል። ምልክቱ ለሁለቱም ያው ባንዲራ ነው። የትኛው የማን እንደነበር ወንድምሽ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ቢጠይቅ ይነግሩታል።

ስሞቹንም ስታነቢ ተጠንቀቂ። በድሮ ካርታዎቻቸው ላይ ጥቁሮችን በሚሰድብ ቃል የተጠራ ጅረትና ኮረብታ ብዙ ነበር። መንግሥታቸው ያንን ቃል ከፌዴራል ካርታዎች እንዲወጣ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ያንቺ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ ሊያጋጥምሽ ይችላል። ካውንቲው ራሱ ቸሮኪ የተባለው በነባሮቹ ሕዝቦች ስም ነው። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1838 በወታደር እየተነዱ ከዚያ አገር እንዲወጡ ተደርገዋል።

ወደ ስኬሉ እንምጣ። ጠርዙን የቆረጠውን ሰው እግዜር ይይለት። ጠርዝ የሌለው ካርታ ማለት ማህተሙ የተገነጠለ ደብዳቤ ነው። የሉሁ ስም፣ ዓመቱ፣ ስኬሉ፣ የኮንቱሩ ልዩነት፣ የማግኔት ሰሜኑ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። በየሳሎኑ ለፍሬም ተብሎ የተቆረጠ ካርታ ሳይ ደሜ ይፈላል። ደግነቱ ያንቺ ላይ ቀዮቹ ካሬዎች ቀርተዋል፤ እነሱ ይበቁናል።

አላባማ መሬቷ ገና ድሮ በሰንሰለት ተለክቶ በካሬ የተሸነሸነ ነው። መጀመሪያ 6 ማይል በ6 ማይል የሆነ ትልቅ ካሬ አለ። እሱ ደግሞ 36 ቦታ ይከፈላል። ትንሿ ካሬ በየጎኗ 1 ማይል ናት፣ 1,609 ሜትር። ስፋቷ 640 ኤከር ነው፤ በእኛ 259 ሄክታር። እንግዲህ ማስመሪያሽን አምጪና የአንዷን ካሬ ጎን ለኪ። 2.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ስኬሉ 1፡62,500 ነው። 6.7 ገደማ ከሆነ 1፡24,000 ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ገጠር በብዛት ያትም የነበረው እነዚህን ሁለቱን ነው። በመጀመሪያው 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 625 ሜትር ይሆናል፣ በሁለተኛው 240 ሜትር።

ካሬዎቹ እኩል ባይሆኑ አትደናገጪ። እነዚያ ሰዎች ጫካና ረግረግ ውስጥ ሰንሰለት እየጎተቱ ነው የለኩት። ጠማማ ካሬ ሞልቷል። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም፤ በሽቦ አጥር መካከል 100 ሜትር ቴፕ የጎተተ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የብዙዎቹን ጎን ለክተሽ አማካዩን ውሰጂ።

ደግሞ የኤክስ ምልክት ከጎኑ "ቢ ኤም" የሚሉ ፊደላትና ቁጥር ካየሽ ቤንች ማርክ ነው። ከፍታው በትክክል የተለካ ነጥብ ነው። መሬት ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የነሐስ ክብ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ወንድምሽ ድልድይ ጎን ወይም ባቡር ሐዲድ ዳር ቢፈልግ ሊያገኝ ይችላል። ብዙዎቹ ላይ የነካካው ሰው 250 ዶላር እንደሚቀጣ ተቀርጾባቸዋል። እኛ ጋ ቢቀረጽም የሚያነበው የለም። አንዳንዱ ሰው ሥሩ ወርቅ አለ ብሎ ይቆፍረዋል።

ሙሉውን ካርታ ከነጠርዙ ከፈለግሽ ደግሞ ቀላል ነው። ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የድሮ ካርታዎቹን ሁሉ ስካን አድርጎ "ቶፖቪው" በሚባለው ገጹ በነጻ ይሰጣል። ወንድምሽ የካውንቲውን ስም ጽፎ ያውርደው። በየዘመኑ የታተሙትን እትሞች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ኋላ ከታተሙት ላይ ሐምራዊ ቀለም ብታዪ፣ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ሳያረጋግጥ ከአየር ፎቶ ብቻ የተጨመረ ማሻሻያ ነው።

የእኛስ? አለ እንጂ! እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር የካርታ ቡድን ከኢትዮጵያ ጋር ሆኖ በየተራራው ጫፍ የልኬት ነጥብ ሲተክልና አገሩን ከአየር ፎቶ ሲያነሳ ነበር። ከአየር ፎቶ ካርታ እንዴት እንደሚወጣ አይተሽ አታውቂ ይሆናል። አውሮፕላኑ ፎቶዎቹን እያደራረበ ያነሳል። ሁለት ተከታታይ ፎቶ ጎን ለጎን ታስቀምጪና ስቴሪዮስኮፕ በሚባል ባለ ሁለት ሌንስ መሣሪያ ታያለሽ። መጀመሪያ ሁለት ጠፍጣፋ ምስል ነው። ዓይንሽ እስኪላመድ ትንሽ ይጨነቃል። ድንገት አንድ ይሆኑና የደሴው ጦሳ ተራራ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ ይላል! ገደሉ ከእውነቱ ገዝፎ ነው የሚታየው። አዲስ ልጅ መጀመሪያ ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል።

የእኛ ዋናው ሉህ 1፡50,000 ነው። የኮንቱሩ ልዩነት 20 ሜትር ነው። ደሴም ኮምቦልቻም 11 ዲግሪ ሰሜንና 39 ዲግሪ ምሥራቅን አልፈው ስለሚገኙ የሉሆቹ ቁጥር በ1139 ይጀምራል። የሚገኙት አዲስ አበባ፣ ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። እኛ ዛሬም ካርታ ሥራ ነው የምንለው። የድጋፍ ደብዳቤ ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አጣሪ።

ሉሁን ስታገኚ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በመንገዱ ውጪ። ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወጪያለሽ። 30 ገደማ መስመር ማለት ነው። ሐረጎ ላይ መስመሮቹ ተጣብቀው ቡናማ ጭረት ይሆናሉ፣ መንገዱም እባብ ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ ጆሮሽ የሚደፈነው እዚያ ነው። ቦሩ ሜዳ ስትደርሺ ደግሞ መስመር ፍለጋ ትሄጃለሽ።

ግን ሁለቱን ካርታ በዓይን ብቻ እንዳታወዳድሪ። የአላባማው ላይ 20 ፉት ማለት 6 ሜትር ነው። እዚያ 30 መስመር ብትቆጥሪ 600 ፉት ነው የወጣሽው፣ 183 ሜትር ብቻ። እኛ ጋ 30 መስመር ማለት ከኮምቦልቻ ሙቀት ደሴ ብርድ መግባት ነው። ሰው የእነሱን ካርታ ያይና መስመሩ ሲጠቀጥቅበት "ምን ያለ ተራራ ነው!" ይላል። ብዙ ጊዜ ኮረብታ ነው፣ አይበልጥም።

አሮጌው ሉህ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩን አትፈልጊው። እሱ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። የባቡር መስመሩም የለም። እዚያ ላይ የምታዪው የእናትሽን ዘመን ኮምቦልቻ ነው። ቦርከናን ግን በሰማያዊ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። ለፕሮጀክት በስልኬ ጂ ፒ ኤስ የወሰድኩትን ነጥብ 1፡50,000 ካርታ ላይ ሳስቀምጠው ድልድዩ ላይ የቆምኩት ሰውዬ እርሻ መሃል እገኛለሁ። ስልኬ ነው ወይስ ካርታው?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ የተነሱበት ነጥብ ነው የተለያየው። የድሮ ሉሆቻችን አዲንዳን በሚባል ዳተም (የልኬት መነሻ) ነው የተሠሩት። ስሙ ከሱዳንና ከግብፅ ድንበር አካባቢ ካለ የልኬት ነጥብ የመጣ ነው። ስልክህ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዳተም ነው። ሳታስማማቸው ከቀረህ በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ብቻ 200 ሜትር ገደማ ትሳሳታለህ፤ በምሥራቅና ምዕራብም ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። መተግበሪያህ ውስጥ ዳተም የሚለውን ፈልገህ አዲንዳን አድርገው፣ የኢትዮጵያውን ምረጥ። ከዚያ ድልድይህ ላይ ትመለሳለህ። ሪፖርትህ ላይ የትኛውን እንደተጠቀምክ ጻፍ። ይሄን አለመጻፍ ለሚቀጥለው ሰው ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ጥያቄ፦ ሰኞ ገበያ ነው ሰፈሬ። ጎረቤቴ አጥሩን ወደ እኔ ግቢ አንድ ሜትር ተኩል ገፋው። የድሮውን የመንግሥት ካርታ አስመጥቼ ፍርድ ቤት ባቀርብ ይረዳኛል?

መልስ፦ ገንዘብህን አታባክን። ያ ካርታ ተራራና ወንዝ፣ መንገድና መንደር ነው የሚያሳየው እንጂ ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ አያውቅም። ሉሁ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። አንዲት ቀጭን መስመር ብቻዋን 10 ሜትር ትይዛለች። የእናንተ ጠብ መስመሯ ሥር ተውጦ ይቀራል።

ይዞታ ማረጋገጫህን ይዘህ የከተማው መሬት ቢሮ ሂድ። ቀያሽ እንዲመደብልህ በጽሑፍ አመልክት። ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቀያሽ መለኪያ መሣሪያ ተለክቶ ማዕዘኖቹ ላይ ችካል ይተከላል። እስከዚያው አጥሩን አትንካ፣ ጎረቤትህም እንዳይጨምር የሰፈር ሽማግሌ አስገባ። በልኬቱ ቀን ደግሞ እሱም ቆሞ ይይ፣ ይፈርምም። አንደኛው በሌለበት የተተከለ ችካል ሌሊቱን ሲነቀል ብዙ አይቻለሁ።